ከሸምበቆው ጀርባ ያሉት ዳክዬዎች

ወንድሜ ዓይኑም ጭንቅላቱም ደህና ነበር። ይህን ከሐኪሙ በላይ፣ ከገዛ ልጁም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያች የእንጨት ማማ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ወፍ ስንቆጥር ሲስት አይቼው አላውቅም። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ "ምናልባት እሱም እርጅና ተጭኖት ይሆናል" ብላችሁ እንዳታቀሉልኝ። ማቅለል ቢያስፈልገኝ ራሴ መች አቃተኝ።

የምንሠራው ረግረጉ ላይ ነው። ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ አጥር አለው፣ በር አለው፣ በሩ ላይ "ወፎችን አትረብሹ" የሚል ሰሌዳ አለው። በየወሩ አንድ ማለዳ ማማው ላይ ወጥተን ወፎቹን እንቆጥራለን። ቆጠራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንደኛ ቆጣሪው ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ያንኑ መንጋ ሁለታችንም ለየብቻ እንቆጥራለን። በእጃችን ስትጫኗት ቀጭ የምትል የብረት መቁጠሪያ ይዘናል። እስክንጨርስ መነጋገር ክልክል ነው። ከዚያ ያገኘነውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን እንለዋወጣለን። ከተቀራረበ የጋሼ ቁጥር መዝገብ ላይ ይገባል። ከተራራቀ እንደገና እንቆጥራለን። እንደገናም ካልተስማማን የጋሼ ቁጥር መዝገብ ላይ ይገባል። የኔ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፣ እንዲያው ለወጉ ያህል።

ቤታችንም እዚያው በሩ አጠገብ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት። ሚስቱ ታማ አልጋ ስትይዝ፣ እኔም ትዳሬ ፈርሶ ሜዳ ላይ በቀረሁበት ሰሞን ነው የጠራኝ። በዓመቱ እሷ አረፈች፤ እኔ ቀረሁ። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም "ሚጡ" ነው የሚለኝ። ሚጡ ሻይ፣ ሚጡ ካፖርቴን፣ ሚጡ በሩን ዝጊ። አንዳንዴ ፀጉሬን ገልጬ ሽበቴን ላሳየው ይቃጣኛል።

ነገሩ የተጀመረው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ውሃው ሞልቶ ነበር፤ ከሩቅ አገር ብርድ የሚሸሹት ዳክዬዎች አሥርም ሃያም እየሆኑ መግባት ጀምረዋል። በዚያ ሳምንት ተማሪዎች ሊጎበኙ መጡ፤ ከነአስተማሪያቸው ሠላሳ ይሆናሉ። ጋሼ ሰው ሲሰበሰብለት ፊቱ ይፈካል። ውሃው ላይ አንድ ነጥብ እያሳየ "ያ ወንድ ነው፣ ያቺ ሴት ናት፣ ያኛው ደግሞ ዘንድሮ የተፈለፈለ ነው" ሲላቸው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ልክም ነው ደግሞ። የሚያበሳጨኝም ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነበር።

አንዲት ቀጭን ተማሪ እጇን አወጣችና "ሁለታችሁ ባትስማሙስ? የማንን እንመን?" አለች።

ጋሼ ሳቀ። "መች ተለያይተን እናውቅና" አላት። "ሚጡ ወፍ አትቆጥርም። የኔን ፊት እያየች ነው የምትጽፈው።"

ሠላሳ ሰው ሳቀብኝ፣ አስተማሪው ሳይቀር። እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬ ጥርሴን አሳየሁ። ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። ከሁሉ የባሰው ምን መሰላችሁ? ውሸት አልነበረም። ብርድ ሲሆን፣ ጉም ሲሆን፣ እንዲሁም ሲሰለቸኝ የጋሼን አውራ ጣት ሰርቄ እያየሁ ስንቴ እንደተጫነ እገምት ነበር። ማወቁን ግን ጠርጥሬ አላውቅም። ለካ እያወቀ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎኝ፣ በመጨረሻ አውጥቶ ለልጆች መሳቂያ ሰጠኝ። ያን ቀን ሻይውን ሳቀርብለት ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ እሱ "ምነው ሚጡ፣ በረደሽ?" አለኝ።

የሚቀጥለው ቆጠራ ዕለት ነገር በሆዴ ይዤ ወጣሁ። ማለዳው ጥርት ያለ ነበር። እሱ በግራ እኔ በቀኝ ተቀምጠን፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ያን ቀን ፊቱንም አውራ ጣቱንም ዘወር ብዬ አላየሁም፤ በራሴ ዓይን ቆጠርኩ። አራት መቶ ዘጠኝ ዳክዬ። አንድም አልሳትኩም።

ብጣሿ ወረቀት ላይ አምስት መቶ ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀት ተለዋወጥን። የሱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። የኔን አነበበ፤ ጀርባው ላይ ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል ገልብጦ አየው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የቆጠርኩት ነዋ።"

"እንደገና" አለ።

እንደገና ቆጠርን። እሱ አራት መቶ አሥራ አንድ አገኘ። እኔ አምስት መቶ ሃያ ስምንት ጻፍኩ፤ ውሸቱ እውነት እንዲመስል ሁለት ቀነስኩለት። የግንባሩ ደም ሥር ተገታተረ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ጋሼ፣ ከሸምበቆው ጀርባ ያሉትን ቆጥረሃል?" አልኩት።

ከሸምበቆው ጀርባ ምንም አልነበረም። ባዶ ውሃና አንድ የበሰበሰ ግንድ ብቻ።

የሩቅ ማሳያ መነጽሩን አንስቶ ረጅም ጊዜ አየ። እኔ የሚለኝን አውቄ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። "ምን አለና ነው አንቺ ቀጣፊ" ሲለኝ፣ "አየህ፣ ፊትህን እያየሁ አይደለም የምጽፈው" ልለው ነው። ከዚያ ተጨቃጭቀን፣ ተኳርፈን፣ በሁለተኛው ቀን ታርቀን ያበቃ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያው ያበቃ ነበር።

"አዎ" አለ ጋሼ መነጽሩን ሳያወርድ። "አዎ፣ አሁን ታዩኝ።"

ክው አልኩ። ያላየውን ወፍ በዕድሜው ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ ከኔ አንሶ መታየቱ ሞት ሆኖበት፣ ባዶ ውሃ ላይ መቶ ዳክዬ አየሁ አለ። መዝገቡን ከፈተና አምስት መቶ ሃያ ብሎ ጻፈ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ምን ልደብቃችሁ። ከማማው ስንወርድ ደረጃው ላይ እንዳልዘፍን ከንፈሬን ነክሼ ነው የወረድኩት።

ብርዱ ገባ፤ ረግረጉ በወፍ ጢም አለ። ሽመላው መጣ፣ ዝዩ መጣ፣ ጭላቱም እነሱን ተከትሎ መጣ። እኔም ሥራዬን ያዝኩ። በየቆጠራው ከእውነተኛው ቁጥር ላይ ሲሶ ያህል እጨምራለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አቅጣጫ እቀይርበታለሁ፤ ደንገሉ ውስጥ የቆመች ነጭ ሳቢሳ ሲያሳየኝ "ጋሼ፣ ያ እኮ ነጭ ፌስታል ነው" እለዋለሁ። መነጽሩን ይወለውላል፤ ደግሞ ያያል። ሳቢሳዋ አንገቷን ስባ ዓሣ እየለቀመች "እንዴ፣ ለካ ፌስታል ነው" ይላል። እኔ ምን እላለሁ? "አይዞህ፣ ፀሐዩ ነው" እላለሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላው ጋሼ ሌላ ሰው ሆነ። ድሮ ስሙን ሳይጠራ የማያሳልፈውን ወፍ አሁን ከመጥራቱ በፊት ወደኔ ዞር ይላል። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቁልፉን ይፈልጋል። ማንቆርቆሪያ ጥዶ ይረሳል። እነዚህን እኔ አላደረግሁም፤ ራሱን መጠራጠር የጀመረ ሰው የሚያደርጋቸው ናቸው። ግን ማን ለይቶ ያውቃል?

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ወጥ ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

"ምን አሉህ?"

"ዓይንህ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ዓይን ነው አለኝ።"

"እሰይ! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ዓይኔ ደህና ከሆነማ ሌላ ነገሬ ነዋ" አለ። ጣቱን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። "ለልጄ እንዳትነግሪያት። አደራሽን። ወስዳ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምታስቀምጠኝ፤ በመስኮቱ ግድግዳ ነው የሚታየው። ከዚህ ከምነሳ ብሞት ይሻለኛል።"

ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ግን ያን ቀን ምን ብሎ እንደጨረሰ ታውቃላችሁ? "አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር፣ እህቴ" አለኝ። እህቴ! ሚጡ አይደለም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ስጠብቃት የነበረች ቃል ናት። እጁን ያዝ አድርጌ "አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ" አልኩት፤ ቃሏን ለመመለስ አንጀቴ አልቆረጠም።

ነገሩን የጠረጠረ አንድ ሰው ነበር፤ ጀልበኛው። የተሰበረ የአጥር ግንድ ለማየት ውሃው ላይ ሲወጣ መንጋውን በቅርብ ያየዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጀልባውን እያሰረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ባለፈው ስድስት መቶ ምናምን አሉ የተባለው፣ እኔ በመካከላቸው አልፌ አይቻቸዋለሁ፣ ከአምስት መቶ አይበልጡም። ጋሼ መጀመሪያ ያሉት ነው ልክ" አለኝ።

"መቼ ነው ቆጣሪ የሆንከው አንተ?" አልኩት።

"ኧረ እኔስ አልሆንኩም። ግን ሰውየው ሲጨነቁ ሳይ አንጀቴን በሉኝ።"

"አንተ መቅዘፊያህን ያዝ። ወፎቹ መሀል በጀልባ ማለፍ ክልክል መሆኑን ታውቃለህ አይደል? ለኃላፊው ብናገርብህ ምን ይውጥሃል?"

መቅዘፊያውን አንስቶ ሄደ። ሦስት ልጅ ያለው ሰው ነው፤ ሥራውን የት ይጥላል። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ሲሰጠኝ ዓይኑን መሬት ላይ ነው የሚተክለው።

ብርዱ ሊያልቅ ገደማ ጋሼ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በብጣሽ ወረቀቶች ሞላው። የአምስቱን ወር ወረቀት፣ የሱን በአንድ ወገን የኔን በሌላ ወገን፣ ደርድሮታል። ቀኑን ሙሉ ሲያካፍል ሲያባዛ ውሎ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጠራኝ። ፊቱ ላይ ከስንት ወር በኋላ ደም ገብቶበታል።

"መፍትሔ አገኘሁለት" አለኝ። "ተመልከቺ። ስህተቴ ዝም ብሎ ስህተት አይደለም፤ ልክ አለው። ሦስት ባየሁ ቁጥር አንድ ያመልጠኛል። ሁልጊዜ! ስለዚህ ያየሁትን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ሲሶውን እጨምርበታለሁ። ካንቺ ቁጥር ጋር ገጥ ይላል። ማንም ሳያውቅብኝ እስክሞት ልሠራ እችላለሁ።"

ወረቀቱን አየሁት። የውሸቴን ልክ ከኔ በተሻለ አስልቶታል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ተበላሸ የተባለው።

"ጎበዝ" አልኩት። "እንደሱ አድርግ።"

ሙቀቱ ሲጀምርና ወፎቹ መመለሻቸው ሲቃረብ ክራቫት አስጠራን። ክራቫት የምንለው የሥፍራውን ኃላፊ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶም ክራቫቱን አይፈታም። ቢሮው ገብተን ስንቀመጥ የጋሼ ልጅም እዚያ ናት። ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ማን እንደጠራት ገባኝ፤ ማንቆርቆሪያው ሁለተኛ ጊዜ የተቃጠለ ዕለት ክራቫት ጭሱን አይቶ መጥቶ ነበር።

"አባዬ" አለችው እጁን ይዛ፣ "ማንም ሊያባርርህ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ እኛ ባለንበት ቁጠር። ደህና ከሆንክ ሁለተኛ አላነሳብህም፤ እዚሁ ትኖራለህ። ካልሆነ ግን አብረኸኝ ትሄዳለህ።"

"ጥሩ" አለ ጋሼ። ወደኔ ዞሮ በዓይኑ ፈገግ አለ። ምስጢር አለን፣ መላ አለን ማለቱ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ አራታችን ማማው ላይ ወጣን። መንጋው ሳስቷል፤ የቀሩት ፊት ለፊት ሜዳ ውሃ ላይ ተበትነው ይታያሉ። ክራቫት ትልቅ ካሜራ ይዞ መጥቷል። "እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አጉልተን አንድ በአንድ እንቆጥራቸዋለን" አለ። ይህን ስሰማ በላብ ተጠመቅሁ። ፎቶ አይዋሽም። ዛሬ አምስት መቶ ብዬ ብጽፍ የምጋለጠው እኔ ነኝ።

ጋሼ ቆጠረ። እኔም ቆጠርኩ። አውራ ጣቱን ሳላይ በጆሮዬ ቀጭታውን እከተል ነበር፤ ሦስት መቶ ገደማ ላይ ቆመ። የኔም ሦስት መቶ ሦስት። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ጥቂት አሰበ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሲሶውን እየደመረ ነው። "ዛሬ አትደምር ጋሼ" ብል ይበቃው ነበር። ከዚህች ማማ ላይ እንዳይወርድ የሚያስፈልገው ሦስት ቃል ብቻ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ጻፍኩ። ሦስት መቶ ሦስት።

ወረቀታችንን ለክራቫት ሰጠን፤ ቢሮ ወርደን ፎቶውን ከፈተ። እየነካ ቆጠረ፤ ልጁም ከኋላው ቆማ አብራ ቆጠረች። ሦስት መቶ ሁለት። የኔን ወረቀት አየና ራሱን ነቀነቀ። የጋሼን አየና ለልጅቷ አቀበላት።

"አባዬ፣ አራት መቶ ነው የጻፍከው" አለች ልጁ።

ጋሼ የኔን ወረቀት ከክራቫት እጅ ወሰደ። አነበበው። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲሸሽ አየሁ። "ሦስት መቶውን አይቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "መቶውን ደምሬ ነው።"

"ከየት አምጥተህ ነው የደመርከው?"

"ከማይታዩኝ።"

ልጁ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ክራቫት ክራቫቱን ማስተካከል ጀመረ። ጋሼ ተጨንቆ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ሦስት ሲያይ አንድ እንደሚያመልጠው፣ ሒሳቡ እንዳለው፣ ወረቀቱ ቤት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ። ባስረዳ ቁጥር ይብስበታል። በመጨረሻ ወደኔ ዞረና "ንገሪያቸው እንጂ እህቴ" አለኝ።

"ጋሼ ደክሞታል" አልኳቸው። "እኔም ለመናገር እየከበደኝ ነው እንጂ ከቆየ ቆይቷል።"

አልተቆጣኝም፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጋሼ የሄደው የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ባለበት ቀን ነው። ወፎቹም ተጠቃለው ሄደዋል፤ ረግረጉ ላይ እንቁራሪት ብቻ ነው የሚሰማው። ጀልበኛው ሻንጣዎቹን መኪና ላይ ጭኖ ከኔ ራቅ ብሎ ቆመ። ልጁ ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ስትጠብቅ ጋሼ "ትንሽ ሥራ አለችኝ" ብሎ ወጥ ቤት ገባ። አሥራ ዘጠኙን መዝገብ ከክራቫት ተዋሶ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቆልሎታል።

"ነይ ቁጭ በይ" አለኝ። "እያነበብሽልኝ።"

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ስህተቴ መቼ እንደጀመረ አላውቅማ። ዘንድሮ ነው እንዳልል፣ በፊት የኔና ያንቺ ቁጥር ይገጥም ነበር። ግን ለምን ነበር የሚገጥመው? ፊቴን እያየሽ ስለምትጽፊ። ፊቴን ማየት ያቆምሽ ዕለት ነው ጉዱ የወጣው። እንግዲህ የቀድሞውን ማን ያረጋግጥልኛል? ማንም። ሰው የሚያምነው መዝገብ ላይ የተበላሸ ቁጥር ትቼ አልሄድም።"

ትራሱ ሥር ያገኘው ገንዘብ የሱ እንዳልሆነ አውቆ እንደሚመልስ ሰው ተረጋግቶ ነበር የሚናገረው። ከዘንድሮው መዝገብ ጀምሮ ወደኋላ ሄደ። እኔ ቀኑንና ቁጥሩን አነባለሁ፤ እሱ በማስመሪያ አስተካክሎ ይሰርዝና ጎኑ ላይ "አይታመንም" ብሎ ይፈርማል። ዝይ፣ ዘጠና አራት። ሽመላ፣ አሥራ ሰባት። ከወር ወር፣ ከዓመት ዓመት። አንዱም ስህተት አልነበረም። እያንዳንዷን ማለዳ አስታውሳታለሁ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ተነስቶ ውሃ ቀዳልኝ። በዕድሜዬ ውሃ ቀድቶልኝ አያውቅም።

"አንቺ ባትኖሪ" አለኝ ብርጭቆውን ሲሰጠኝ፣ "ሰውን እንዳታለልኩ እሞት ነበር።"

አፌን ከፈትኩ። ወላዲቷን፣ ልናገር ነበር። ውሃውን ጠጣሁበትና መልሼ ዘጋሁት።

የመጨረሻው መዝገብ መጀመሪያ ላይ ደረስን፤ እኔ በመጣሁበት ዓመት የተጻፈው። አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ።

"ምንድን ነው?"

"ፍላሚንጎ" አልኩ። "አንድ ሺህ ሁለት መቶ።"

ልጁ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን የማያውቅ በቤታችን የለም። ሚስቱ ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነው፤ ጋሼና ጀልበኛው በወንበር ተሸክመው ማማው ላይ አውጥተዋት ነበር። ፍላሚንጎ እኛ ዘንድ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ሁሉም አንድ ላይ ተነስተው በራሷ ላይ ሲያልፉ፣ ስንት ወር ስታቃስት የነበረች ሴት ሳቀች። ልጅቷ ያኔ ትምህርት ቤት ሩቅ ነበረች፤ አልደረሰችም። ከእናቷ የመጨረሻ ወራት ያላት ነገር ያ ሳቅ ብቻ ነው፤ እሱንም ከአባቷ አፍ ነው የሰማችው።

"እሱን ተወው አባዬ" አለችው። "እማዬ የሳቀችበት ቀን ነው።"

"መዝገብ ነው ልጄ፤ የኔ ማስታወሻ አይደለም" አላት። ግን ማስመሪያውን አስቀምጦ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። "እህቴ፣ አንቺ ነበርሽ። ፊቴን እያየሽ አልነበረም፤ እሷን ነበር የምታዪው። ተነስተው ነበር? ሳቃ ነበር? ወይስ ይህንንም እኔ ነኝ የጨመርኩት?"

ተነስተው ነበር። ነፋሳቸው የሚስቱን ሻሽ ወስዶት፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድዷ እስኪታይ ነው የሳቀችው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቁጥሬን የጻፍኩት በራሴ ነበር፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና፣ እዚያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይታያል። እና ያቺን አንዲት "አዎ" ብላት፣ ጋሼን አውቀዋለሁ፤ ከሷ ተነስቶ አንድ በአንድ እየገጣጠመ፣ ያን ቀን ዓይኔ ደህና ከነበረ በቀጣዩም ደህና ነበር እያለ፣ መኪናው ሳይነሳ እስከ ሸምበቆው ጀርባ ይደርስብኛል።

ሁለቱም ያዩኛል። ልጅቷ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ "በይ እንጂ አክስቴ" የምትል ይመስላል።

"አላስታውስም ጋሼ" አልኩ። "ወፎቹ እንኳ... እንጃ። እሷ ግን ያኔ መሳቅ የምትችል አይመስለኝም።"

ራሱን ነቀነቀ። ልጁ አፏን በመዳፏ ይዛ ወጣች፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ጋሼ ማስመሪያውን መስመሩ ላይ አደረገ። እስካሁን ያልተንቀጠቀጠው እጁ አሁን ተንቀጠቀጠበት፤ ማስመሪያው እየተንሸራተተ አስቸገረው።

"ያዢልኝ" አለኝ።

ያዝኩለት።